ሆደ ባሻና ልብ የገዛ፦ «ሴንሲብልን በአምስት ደቂቃ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ርዕሱ «ሴንሲብልን በአምስት ደቂቃ» ይላል። ከሥሩ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ልክ ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃለች። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። አምስት ደቂቃ የተባለው ነገር ሁለት ቀን ወሰደብኝ።

ጽሑፉ ስም የለውም። ጸሐፊው ግን በአጻጻፋቸው መምህር ይመስላሉ፣ ለማስተማር ያላቸው ቅንነትም ያስታውቃል። ስለዚህ ከሰውየው ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከነጥቦቻቸው ጋር ነው። ነጥቦቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው። አንድ፣ ሴንሲብል (sensible) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ «አስተዋይ» ነው፣ አለቀ። ሁለት፣ ቃሉ «ስሜት» ከሚል ሥር ስለመጣ ቶሎ ለሚነካ ሰውም ይሆናል። ሦስት፣ ከዋይዝ (ጥበበኛ) እና ከሪዝነብል (ምክንያታዊ) ጋር አንድ ስለሆነ አንዱ ሲጠፋችሁ ሌላውን ተኩ። አራት፣ ተቃራኒው ኢንሴንሲብል ነው። አምስት፣ ምንጊዜም ሙገሳ ነውና ለማንም ብትሉት ደስ ይለዋል፤ የሥራ ማመልከቻ ላይም እንዳትረሱት። ስድስት፣ አማርኛ ለዚህ ቃል አቻ የለውም።

ከሁለተኛው ልጀምር። ቅደም ተከተሉን ያዛባሁት አውቄ ነው። ተማሪን ክፉኛ የሚያሳስተው እሱ ነው።

ጸሐፊው የሰጡት ምሳሌ ይሄ ነው፦ «እህቴ በጣም ሴንሲብል ናት፤ ፊልም ስታይ ታለቅሳለች።» ይህን በእንግሊዝኛ ለአንድ እንግሊዛዊ ብትነግሩት የሚሰማው «እህቴ በጣም ረጋ ያለች፣ ነገር የምታመዛዝን ሰው ናት፤ ፊልም ስታይ ታለቅሳለች» የሚል ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብሎ ግራ ይገባዋል። ለዚያች እህት የሚሆናት ቃል «ሴንሲቲቭ» ነው። ሁለቱ ቃላት መንታ ይመስላሉ፣ ባሕርያቸው ግን ለየቅል ነው።

በርግጥ ጸሐፊው ይህን ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ የላቲኑ ሥርም መሰማትን ይመለከታል። ፈረንሳይኛው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር በፊደል ምንም ልዩነት የለውም፣ ትርጉሙ ግን ቶሎ የሚሰማው፣ ስስ የሆነ ማለት ነው። ስፓኒሽም እንደዚያው፣ ጣልያንኛም ያው። ጀርመኖች «ዘንዚበል» የሚሉት ሰው ሆደ ባሻውን ነው፤ አስተዋዩን «ፈርኑንፍቲሽ» ይሉታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ የተማረ ልጅ፣ ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጦ ጀርመንኛ የሚያጠና ወንድማችን፣ እንግሊዝኛው ላይ ቢሳሳት አይፈረድበትም።

እንግሊዝኛውም ራሱ ድሮ እንደዚያ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ቃሉ የሚነገረው በስሜት ሕዋስ ለሚታወቅ ነገር፣ ወይም ሊሰማው ለሚችል አካል ነበር። የማመዛዘን ትርጉሙ ቆይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሌሎቹን ትርጉሞች ከደረደረ በኋላ፣ በተራ ጭውውት አንዳንዴ «አስተዋይ» ለማለትም ይውላል ብሎ ዝቅ አድርጎ ነው የጻፈው። ያኔ ጓሮ የቆመው እንግዳ ዛሬ አባወራ ሆኗል። በ1811 የወጣው የጄን ኦስተን ልቦለድ ርዕስ «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» የሚለውም ይህንኑ ያሳያል። የመጀመሪያው ማመዛዘን ነው፣ ሁለተኛው ስሜት። «ሴንሲቢሊቲ» የሚለው ስም ስሜት ጋ እንደቀረ ነው፤ ቅጽሉ ግን ቤት ቀይሯል። ለዚህ ነው ሴንሲብል ሰው ያለውን ነገር «ጉድ ሴንስ» እንጂ «ሴንሲቢሊቲ» የማንለው።

«የድሮው ትርጉም ዛሬም መዝገበ ቃላት ላይ አለ» ይላሉ ጸሐፊው። አለ። ግን የት?

አንዱ ጥግ የደብዳቤ እንግሊዝኛ ነው። «የተደረገልኝ ክብር ይታወቀኛል» ለማለት «ሴንሲብል ኦቭ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ የሳጥን ሽታ ያለው አነጋገር ነው። ሌላው ጥግ ፊዚክስ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ማቀዝቀዣ ማሽን መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነበር። ረቂቁን ያወጣልኝ ኮምፒውተር «አስተዋይ ሙቀት» ብሎ ቁጭ! ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ «እሺ፣ አንተስ ምን ልትለው ነው?» ስል ራሴን ጠየቅሁ። ሳቁ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀበና ጣዱ። ውኃው እየሞቀ ሲሄድ ጣታችሁ ያውቀዋል፣ ቴርሞሜትርም ያየዋል። ሴንሲብል ሙቀት የሚባለው ይሄ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው 100 ዲግሪ ሳይጠብቅ 92 ግድም ላይ ይፈላል። ከዚያ በኋላ እሳቱ ቢንቀለቀልም ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም። ሙቀቱ ውኃውን እንፋሎት ለማድረግ ነው የሚሄደው፤ ያኛው ስውር ሙቀት ይባላል። አንድ ኪሎ ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ግድም ይበቃል። ያንኑ አንድ ኪሎ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ግን ከ2,200 ኪሎጁል በላይ ይፈጃል። እኔም መጨረሻ ላይ «በቴርሞሜትር የሚታይ ሙቀት» ብዬ ተገላገልኩ። ቆንጆ አይደለም፣ ግን ማሽኑን የሚጠግነው ሰው ይገባዋል።

እንግዲህ አሮጌው ትርጉም የቀረው እነዚህ ጥጎች ውስጥ ነው። ፊልም እያየች የምታለቅስ እህት እዚያ የለችም።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ዘዴ ከአማርኛ የተወሰደ ነው። ቶሎ የሚከፋውን ሰው ምን እንለዋለን? ሆደ ባሻ። ሆዱ ባባ፣ ሆድ ባሰው እንላለን። ነገር ማመዛዘን የጀመረውን ወጣትስ? ልብ ገዛ እንላለን። ልባም፣ ልብ በል፣ ልብ አድርጊ። ሴንሲቲቭ ሆድ ነው፣ ሴንሲብል ልብ ነው። ልብም እንደሚሰበር አውቃለሁ፤ ለዘዴ ያህል ግን ይሠራል። ያቺ ጽሑፉን የላከችልኝ ልጅ ያኔ ደብተሯ ጠርዝ ላይ አንድ ክብ ሆድና አንድ ጠማማ ልብ ሥላ፣ ከሥራቸው ቃላቱን ጽፋ ነበር። ልቡ ድንች ይመስል ነበር። ፈተናው ላይ ግን አልተሳሳተችም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሴንሲቲቭም ስድብ አይደለም። የሰው ሕመም ቶሎ የሚገባው ሰው ሴንሲቲቭ ይባላል። ሳሙና የማይስማማው ቆዳ፣ በረዶ የማይችል ጥርስ፣ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ፣ ሁሉም ሴንሲቲቭ ናቸው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ዋይዝ፣ ሪዝነብል፣ ሴንሲብል አንድ ናቸው ወደሚለው።

ንጉሥ ሰሎሞንን እናስብ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ተካሰው መጡ። ሰይፍ አምጡ፣ ሕፃኑን ለሁለት ክፈሉት አለ። እውነተኛዋ እናት ለሷ ስጧት፣ ብቻ አትግደሉት ብላ ጮኸች። ይህን ፍርድ እንግሊዝኛ «ዋይዝ» ይለዋል። «ሴንሲብል» ብትሉት ግን ሰሚው ፈገግ ይላል። ሕፃን ለመክፈል ሰይፍ ማዘዝ በየትኛውም መለኪያ ሴንሲብል አይደለም! ዋይዝ ዕድሜ አለው፣ ጥልቀት አለው፣ ብዙ ጊዜም ያስደንቃል። ሴንሲብል አያስደንቅም። የሰባት ዓመት ልጅ ሴንሲብል ልትሆን ትችላለች። መንገድ ስትሻገር ግራ ቀኝ ታያለች። እናቷ ስትዘገይባት ከትምህርት ቤቱ በር ሳትርቅ፣ ዘበኛው አጠገብ ትቆማለች። ይህቺን ልጅ ዋይዝ ካላችኋት ወይ እየቀለዳችሁ ነው ወይ አጋናችኋል።

ሪዝነብል ትንሽ ይከብዳል፣ ምክንያቱም በርግጥም የሚገናኙበት ቦታ አለ። ልዩነቱ ሚዛኑ የት ተቀመጠ የሚለው ላይ ነው። ሪዝነብል ሲሆን ሚዛኑ በሰዎች መካከል ነው፤ ለሁለቱም ወገን ይገባል ወይ ነው ጥያቄው። «ሪዝነብል ፕራይስ» ተመጣጣኝ ዋጋ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሻጭም ገዢም የማይጎዱበት። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶችም ሪዝነብል ሰው የሚሉትን መለኪያ ለመግለጽ ደቡብ ለንደን ውስጥ ወዳለ ክላፋም የሚባል ሰፈር በሚሄድ አውቶቡስ ላይ የተሳፈረን ሰው ይጠቅሳሉ። በ1903 በተሰጠ አንድ ውሳኔ ላይ የሰፈረ አገላለጽ ነው። ተራ ሰው ማለት ነው፤ ሊቅም ቂልም ያልሆነ። እኛ አገር ቢሆን የአንበሳ አውቶቡስ ተሳፋሪ ይባል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ምንም እንኳ በጠዋቱ ግፊያ ውስጥ ሪዝነብል ሆኖ መገኘት ቀላል ባይሆንም።

ሴንሲብል ግን ሚዛኑ ሁኔታው ላይ ነው። አሁን፣ እዚህ፣ በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ገንዘብ የሚያዋጣው የትኛው ነው? ሦስት ዓመት ደመወዝ ያልተጨመረለት ሠራተኛ ጭማሪ ቢጠይቅ ጥያቄው ሪዝነብል ነው። አለቃው ጨረታ ተሸንፎ ፊቱን አጨልሞ በገባበት ጠዋት፣ ቡናውን እንኳ ሳይቀምስ በር ላይ ጠብቆ መጠየቅ ግን ሴንሲብል አይደለም። ጥያቄው ያው ነው፣ ሰዓቱ ነው የከፋ።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር «ብልጥ»ንም አስገብተውታል። ብልጥ ወደ ስማርት ወይም ወደ ከኒንግ ያደላል፤ ተንኮል አያጣውም። ግን አንድ ነገር ልመስክር። «ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል» የሚባለው ልጅ የሰጡትን መብላቱ እውነትም ሴንሲብል ነው። ማልቀሱ ነው ብልጠቱ።

አራተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። የሴንሲብል ተቃራኒ ኢንሴንሲብል አይደለም። ኢንሴንሲብል ማለት ራሱን የሳተ ማለት ነው። «አለቃዬ ኢንሴንሲብል ነው» ብላችሁ ለፈረንጅ ብትነግሩ አምቡላንስ ሊጠራ ይችላል። ሴንስለስ ደግሞ ትርጉም የሌለው፣ ከንቱ ነው። ኢንሴንሲቲቭ የሰው ስሜት የማይገደው ነው። እውነተኞቹ ተቃራኒዎች «ሲሊ» እና «ፉሊሽ» (ቂል፣ ሞኝ) ናቸው፤ ሌላ ዘር፣ ሌላ ቤት። እንግሊዛዊት እናት ልጇን ስትቆጣ «ሲሊ አትሁን» ነው የምትለው።

አምስተኛው ነጥብ ያስከፈለኝ ዋጋ ስላለ እዚህ ላይ እቀመጣለሁ። ምንጊዜም ሙገሳ ነው፣ ለማንም በሉት!

አንድ ጊዜ እንግሊዝ አገር ለአጭር ሥልጠና ሄጄ ነበር። የመጨረሻው ምሽት እራት ተጋበዝን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታስተናግደን የከረመችው ሴት አምሮባት መጣች። ቀሚስ፣ የጆሮ ጌጥ፣ አዲስ ጫማ። ጫማው ጥቁር ነው፣ ከፊት ለፊቱ ትንሽ የብር ቀለም ያለው ዘለበት አለው። ምርጫሽ ያምራል ለማለት ፈለግሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ዋት ሴንሲብል ሹዝ!» ነበር። ፈገግታዋ ባለበት ቀጥ አለ። ጎኔ የተቀመጠው ስኮትላንዳዊ ሹካውን ሳህኑ ላይ አሳረፈና በናፕኪን አፉን ሸፈነ። እሷ ቀስ ብላ እግሯን ወንበሯ ሥር አስገባች። አመሰግናለሁ አለችኝ።

ስኮትላንዳዊው በኋላ ውጭ ቆመን ሲያስረዳኝ እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። ሴንሲብል ጫማ ማለት ተረከዙ አጭር፣ የማይቆረቁር፣ ዝናብ የማይፈራ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ጫማ ነው። አክስታችሁ ቀብር የምትሄድበት ዓይነት። እኔ ለበዓል የተገዛን ጫማ «ለመንገድ ይሆናል» ብዬ ነው ያደነቅሁላት።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ቃሉ በአንድ እጁ ያመሰግናል፣ በሌላው ይነሳል። ጥቅሙን ይሰጣችሁና ውበቱን ይወስዳል። ሴንሲብል መኪና ነዳጅ ይቆጥባል፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ማንም ግን አብሮት ፎቶ አይነሳም። ሴንሲብል የፀጉር ቁርጥ ጠዋት ጊዜ አይፈጅም። ወጣት ሴቶች ስለ አንድ ወንድ «ሴንሲብል ነው» ሲሉ ደግሞ የድምፃቸውን ቃና ስሙ። እኛም «ጨዋ ልጅ ነው» እያልን የምንጨርሰው ወሬ አለ አይደል? ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር ሲጠፋ።

ቃሉ መጠንንም ይይዛል። በ1995 የእንግሊዝ ጤና ጥበቃ ስለ መጠጥ ያወጣው ሪፖርት ርዕሱ «ሴንሲብል ድሪንኪንግ» ነበር። አትጠጡ አላለም። ለወንድ በቀን ከ3 እስከ 4 ዩኒት፣ ለሴት ከ2 እስከ 3 ዩኒት ብሎ ለካ። አንድ ዩኒት 8 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። በ2016 ምክሩ ጠበቅ ተደርጎ ለሁለቱም በሳምንት ከ14 ዩኒት እንዳይበልጥ ተባለ። አሁን ይህን ርዕስ ወደ አማርኛ መልሱት። «አስተዋይ አጠጣጥ» ልትሉ ነው? ማንም እንደዚያ አይልም። «በልክ መጠጣት» ነው የምንለው።

እግረ መንገዴን የመጀመሪያውን ነጥብ መለስኩ መሰለኝ። ሴንሲብል «አስተዋይ» የሚሆነው ሰው ሲገለጽበት ነው፣ ያውም ሁልጊዜ አይደለም። መጠጥ ላይ ሲመጣ በልክ ይሆናል። ጫማ ላይ ሲመጣ ምቹ። ምክር ላይ ሲመጣ ፍሬ ያለው። ውሳኔ ላይ የሚያዋጣ። ለጉዞ የተያዘ ልብስ ላይ ደግሞ ለአየሩ የሚሆን። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አትሸምድዱት። ከባልንጀሮቹ ጋር ያዙት፤ ቀጥሎ የመጣው ስም ነው ትርጉሙን የሚነግራችሁ።

የሥራ ማመልከቻውን ነገር ረስቼው ነበር። «አይ አም ኤ ሴንሲብል ፐርሰን» ብሎ መጻፍ የሰዋስው ስህተት የለበትም። ግን ይህ ሰው ስለ እናንተ የሚለው ቃል ነው። «እኔ ጨዋ ነኝ» እያለ የሚገባ ሰው ምን እንደሚያስጠረጥር እናውቃለን። አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ያመለከተ ተማሪዬ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ጽፎ አመጣልኝ። ሰረዝኩትና «ሴንሲብል የሆንክበትን አንድ ቀን ንገረኝ» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «የድሮው ሥራ ቦታ ሌሊት መብራት ሲጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ጋ ከመሮጤ በፊት ሊፍቱን አንኳኩቼ ውስጥ ሰው መኖሩን አጣራሁ» አለኝ። ሰው ነበረ? ነበረ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር። «ይህንን ጻፍ» አልኩት። ቃሉን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠቀም ጻፈው።

ስድስተኛው፣ አማርኛ አቻ የለውም የሚለው ነው። እውነቱን ለመናገር የከነከነኝ ይሄኛው ነው። ጸሐፊው «እንግሊዝኛ ስሜትንና ማመዛዘንን በአንድ ቃል አስሯል፤ አማርኛ ይህን አላደረገም» ይላሉ።

አድርጓል እንጂ! «አስተዋለ» የሚለውን ቃል እዩት። «ልብሱን አስተውዬ አላየሁትም» ስንል ስለ ዓይን ነው የምናወራው። ስለ ማየት፣ ስለ ልብ ማለት። ከዚያው ግሥ የወጣው «አስተዋይ» ግን ጥሩ የሚያይ ሰው አይደለም፤ ጥሩ የሚያመዛዝን ሰው ነው። ዓይናማ ብቻ የሆነ ሰው አስተዋይ አይባልም። ቃሉ ከማየት ተነስቶ ማመዛዘን ላይ ደርሷል። እንግሊዝኛው ከመሰማት ተነስቶ እዚያው ደረሰ። መንገዱ አንድ ነው፣ መነሻው ነው የተለያየ። እኛ ደግሞ መነሻውንም አልጣልነውም፤ እንግሊዝኛ የዕለት ተዕለት ንግግር ላይ መነሻውን ጥሎታል።

«ልብ»ም አለ። በሉቃስ ወንጌል የጠፋው ልጅ አሳማ ሲጠብቅ፣ ከምግባቸው ሲመኝ፣ በመጨረሻ የአባቱ ቤት ትዝ ሲለው፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ወደ ልቡም ተመልሶ» ይላል። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም «ወደ ራሱ መጣ» ዓይነት ነው ያለው። ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚነበበው አዲሱ ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ «ወደ ሴንሶቹ መጣ» ይላል። ሴንስ እነሱ ዘንድ የተቀመጠበት ወንበር ላይ እኛ ልብን አስቀምጠናል። «ቢ ሴንሲብል» ለሚለው ቁጣ ደግሞ «ልብ ግዛ!» ከሚለው የተሻለ አማርኛ እስካሁን አላገኘሁም። እናቴ በቀን ሦስት ጊዜ ትለኝ ነበር፣ እንግሊዝኛ ሳታውቅ።

የከተማው ልጅም የራሱን መንገድ አግኝቷል። «ሜክ ሴንስ አያደርግም» ይላል። አንዳንድ ሰው በዚህ ይናደዳል፣ እኔ ግን አልናደድም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ «አይገባም» እና «አያዋጣም» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ይደባልቅበታል። በአማርኛ ሁለት ቃላት ነበሩን።

ጸሐፊው ያልነኩት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። እንግሊዛውያን ምክር መስጠት ሲፈልጉ «ማስት» (የግድ) ከማለት ይልቅ «ኢት ዉድ ቢ ሴንሲብል ቱ» ብለው ይጀምራሉ። «እንዲህ ብታደርጉ ሳይሻል አይቀርም» ማለታችን ነው። ለአለቃ፣ ለደንበኛ፣ ለአማት ሁሉ ይሆናል። ለሙገሳ ከመጠቀም ይልቅ ለዚህ ብትጠቀሙበት ይሻላችኋል። ስትጽፉት ደግሞ ከቢ ፊት ያለው ፊደል ኤ ሳይሆን አይ ነው፤ ስትናገሩት የመጀመሪያውን ክፍለ ቃል ጫን በሉት።

ጽሑፉ የሚያልቀው «ቃሉን በቀን አሥር ጊዜ ተጠቀሙበት» በሚል ምክር ነው። እስቲ ብዬ ትናንት ሙሉ ቀን ራሴን ተከታተልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት። ሐምሌ ነው፣ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጠቁሯል፤ የ14 ዓመቱ ልጄ በቲሸርት ብቻ ሊወጣ በሩ ላይ ቆሟል። ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ስለሚውል አንዳንዴ በዚያው እናወራለን። «ቢ ሴንሲብል» አልኩት፣ በአገጬ ጃኬቱን እያሳየሁ።

«አባዬ ደግሞ፣ ሴንሲቲቭ አትሁን» አለኝና በሩን ዘጋው። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ቀረ። ልዩነቱ ግን ገብቶታል።